ጥይት የቀመሰ ጥሩር

ስለ ብረት ይጠይቁ፦ የአንባቢያን ዓምድ

ባለፈው እትም ስለ ላሜራ ውፍረት ስጽፍ፣ በድሮ አውሮፓ የፈረሰኛ ጥሩር፣ ማለትም የብረት ልብስ፣ ከመሸጡ በፊት በጥይት ይፈተን እንደነበር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለዚሁ ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለጥሩር ሰጥቼዋለሁ። ዕድሜዬን የብረታ ብረት ሥራ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ እንደዚህ የምወደው ርዕስ የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እኔ «ጠመንጃ ሲመጣ የብረት ልብስ ወዲያው ቀረ፣ ጥይት ይበሳዋላ» አልኩ። እሱ ደግሞ «የለም፣ ጥይት ያልበሳው ጥሩር ነበር። ደረቱ ላይ የጥይት ምልክት ያለበት ፎቶ አይቻለሁ» አለኝ። ማን ነው ልክ? የተሸነፈው ማኪያቶ ይጋብዛል።

መልስ፦ ልጄ፣ ማኪያቶውን የምትጋብዘው አንተ ነህ። ጓደኛህ ልክ ነው።

ጠመንጃ በአውሮፓ ጦር ሜዳ የተስፋፋው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። የብረት ልብስ ግን እስከ 17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተለብሷል። ሁለቱ ከ150 ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። ከሁሉም ከባዱ የጦር ሜዳ ጥሩር የተሠራውም ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ነው። ቀጥቃጩ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠማ! ጥይቱ በበረታ ቁጥር እሱም ብረቱን አወፈረ።

የ15ኛው መቶ ዘመን የጦር ሜዳ ጥሩር ከራስ እስከ እግር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን ነበር። አብዛኛው ክፍሉ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ነው። ለሰይፍ፣ ለጦርና ለፍላጻ ይህ ይበቃል። በ1600ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከባድ ፈረሰኛ የሚለብሰው ግን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ደረሰ። የደረቱ ብረት 4 ሚሊ፣ አንዳንዱ ላይም 6 ሚሊና ከዚያ በላይ ሆነ።

ከጠንካራ ደጋን የወጣ ፍላጻ የሚይዘው ጉልበት 100 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ማስኬት የሚባለው ከባድ ጠመንጃ አረር ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ ከ2000 ጁል በላይ አለው። ይህ ማስኬት ራሱ ከጥሩሩ ጋር በተደረገው ፉክክር የበረታ መሣሪያ ነው። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን በየሻምበሉ ሲያስገቡት በጣም ከባድ ስለነበር ተኳሹ አፈሙዙን በመንታ ምርኩዝ ላይ አስደግፎ ነበር የሚተኩሰው። ጥሩሩ ወፈረ፣ ጠመንጃው ከበደ፣ ጥሩሩ ደግሞ ወፈረ።

እስቲ ራስህ አስላው። መርካቶ ብረት ቤት ገብተህ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1 ሚሊ ላሜራ ብታነሳ 16 ኪሎ ገደማ ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ገላ ቢዘረጋ ስፋቱ ከዚያ ላሜራ ብዙም አያንስም። ሰውየውን በሙሉ በ4 ሚሊ ብረት ልሸፍነው ብትል ከ55 ኪሎ በላይ ልታሸክመው ነው። በ6 ሚሊ ብትል ከ80 ኪሎ ያልፋል። ይህን ተሸክሞ ፈረስ ላይ የሚወጣ የለም። ቢወጣም ፈረሱ አይችለውም።

ስለዚህ ባለሙያው መምረጥ ነበረበት። የምርጫው ጥበብ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ደረቱን አወፈረ። የራስ ቁሩን ግንባር አወፈረ። ጀርባውን አሳሳ፤ ፈረሰኛ ወደ ፊት ነው የሚጋልበውና። ክንዱን አሳሳ። ከጉልበት በታች ያለውን የእግር ብረት ጭራሽ አውልቆ በቦት ጫማ ተካው። ያው 35 ኪሎ ብረት እንዴት እንደተከፋፈለ ስታይ፣ ሰውየው ከየት ጥይት እንደሚፈራ ትረዳለህ። ለአንዳንዱ ደግሞ ከደረቱ ብረት በላይ የሚደረብ ሌላ ደረት ሠራለት። ውጊያ ሲቃረብ ይደርበዋል፣ መንገድ ላይ ያወልቀዋል።

ቅርጹም አብሮ ተለወጠ። ደረቱ መሐል ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሹል ጠርዝ ወጣለት። ጥይት ቀጥ ብሎ ሲመታና በግድም ሲመታ አንድ አይደለም። በ45 ዲግሪ የመጣ አረር ከብረቱ እውነተኛ ውፍረት አንድ ተኩል ገደማ የሚሆን ብረት ነው የሚገጥመው። ያውም ተንሸራቶ ካላለፈ። ኪሎ ሳይጨምሩ ውፍረት መጨመር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ጓደኛህ ፎቶ ላይ ወዳየው ጎድጓዳ ምልክት ልምጣ። ደረቱ ተቀጥቅጦ ሲያልቅ ከቅርብ ርቀት ይተኮስበታል። የሽጉጥ ጥይት እንዲችል የታዘዘ ከሆነ በሽጉጥ፣ የማስኬት ከሆነ በማስኬት። ከበሳው ሥራው ከሸፈ። ካልበሳው አረሩ ያጎደጎደው ቦታ እንዳለ ይተዋል። አይቀጠቀጥም፣ አይሞረድም። ገዢው ጣቱን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቶ ነው ዋጋ የሚነጋገረው። ከጽሑፍ ሁሉ የበለጠ የሚታመን ዋስትና ነበር። በሙያዬ ብዙ ሥራ ለምርመራ አቅርቤያለሁ፤ ብየዳዬ ተሰብሮ ታይቷል፣ ልኬቴ በካሊፐር ተፈትሿል። የሳምንታት ድካሙን ግድግዳ አስደግፎ «ተኩስበት» የሚል ባለሙያ ግን ሌላ ነው። ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ።

«ታዲያ በእርግጥ ይችል ነበር?» ብትለኝ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ በምትባል ከተማ በ1640ዎቹ የተሠራ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አለ። ዛሬም ወደ 32,000 የሚጠጋ ዕቃ በየመደርደሪያው ተደርድሮ ይገኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዚያ ሙዚየም ባለሙያዎች የዚያን ዘመን ጠመንጃዎችና ሽጉጦች አውጥተው ተኩሰው ሞከሯቸው። ማስኬቶቹ ከ30 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ብረት ይበሱ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመኗ አውግስቡርግ ከተማ የተሠራ አንድ ደረት ላይ ግን ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት በሽጉጥ ተኮሱበት። ውፍረቱ 3 ሚሊ ገደማ ነው። ጥይቱ ብረቱን በሳው፤ ነገር ግን ጉልበቱ እዚያው አልቆ ከሥር ባለው ጨርቅ ላይ ቀረ። ለባሹ ቢኖር ይበልዝ ነበር እንጂ አይሞትም ነበር።

ከሰው ታሪክ ደግሞ የአርተር ሄዝልሪግን ልንገርህ። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከፓርላማው ወገን የተሰለፈ አዛዥ ነው። ፈረሰኞቹ ሙሉ ጥሩር ስለሚለብሱ «ሎብስተሮች» ይሏቸው ነበር፤ በቅርፊታሙ የባሕር እንስሳ ስም። በ1643 ራውንድዌይ ዳውን በተባለ ቦታ ሲዋጉ፣ ከንጉሡ ወገን የሆነ መኮንን አሳዶ ደረሰበትና ሽጉጡን ራስ ቁሩ ላይ አስጠግቶ ተኮሰበት። አልሞተም። ሌሎችም ተኮሱበት፣ በሰይፍ መቱት፤ ብረቱ ቻለለት። ነገሩ ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሲነገረው «ምሽጉን ያህል ስንቅ ይዞ ቢሆን ኖሮ የ7 ዓመት ከበባ በቻለ ነበር» አለ ይባላል።

ግን ልብ በል። ሄዝልሪግ ተረፈ፣ ጦሩ ግን የዚያን ቀን ተሸነፈ። ፈረሶቹ ጥሩር አልለበሱም። ጥሩር የቀረበት ምክንያትም ከዚህ ይጀምራል። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፍራንሷ ደ ላ ኑ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር አለቃ፣ መኳንንቱ ሽጉጥና ጠመንጃ ፈርተው ጥሩር ሳይሆን መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበትን) ተሸከሙ፣ ገና በ35 ዓመታቸው ትከሻቸው ጎበጠ ብሎ አማርሯል። ወታደሩ በሰልፍ ላይ የእግሩን ብረት ይጥላል፣ ቀጥሎ የክንዱን። የጥሩሩ ዋጋ ደግሞ አለ። በአንድ ሙሉ ጥሩር ዋጋ ብዙ ሰው በጠመንጃ ማስታጠቅ ይቻላል። ጠመንጃ የያዘ ገበሬ በጥቂት ሳምንታት ይሠለጥናል። ፈረሰኛ ግን ከልጅነቱ ነው የሚያድገው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በትከሻው የቆየ የጥይት ቁስል ምክንያት የብረት ደረት መልበስ ስላልቻለ፣ በ1632 ሉትሰን ላይ የተዋጋው በቆዳ ካፖርት ነው። እዚያው ሞተ። ካፖርቱ ዛሬ ስቶክሆልም ሙዚየም ውስጥ አለ።

ደረትና ጀርባው ብቻ ተነጥሎ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ። የፈረንሳይ ከባድ ፈረሰኞች በ1914 እንኳ የብረት ደረታቸውን ለብሰው ዘምተዋል። ፓሪስ በጦር ሙዚየሙ ውስጥ በ1815 ዋተርሎ ላይ የመድፍ ጥይት በስቶት የወጣ የፈረሰኛ ደረት ይታያል። ከፊት ገብቶ ከኋላ ወጥቷል። ለመድፍ የሚሆን ውፍረት ሰው አይሸከምም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥሩር የለበሰ ሰው ከወደቀ መነሳት አይችልም፣ ፈረስ ላይ የሚወጣውም በገመድ ተስቦ ነው ይባላል። እውነት ነው? ከካዛንቺስ።

መልስ፦ ውሸት ነው። 25 ኪሎ በመላ አካል ተከፋፍሎ፣ በልክ ተሰፍቶ ሲለበስ ሰው ይሮጥበታል፣ ይተኛበታል፣ ይነሳበታል። ዛሬ ወታደር ጀርባው ላይ የሚሸከመው ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ብዙ ነው። ለፈረስ ግጥሚያ ጨዋታ ብቻ የሚለበስ ከባድ ጥሩር ነበር፤ እሱን ከጦር ሜዳው ጋር የሚያደባልቁ ሰዎች ናቸው ይህን ወሬ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ጋሼ። ምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቅጬ የማድር ነኝ። እኛ ከመኪና ባሌስትራ ቢላ ስንሠራ ውሃ አጠጥተን እናጠነክረዋለን። ከዚያ በኋላ ሞረድም አይነካው። እነዚያ ሰዎች ብረቱን ከማወፈር ይልቅ ለምን እንደዚያ አላጠነከሩትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ። የባለሙያ ጥያቄ ነው።

አጠንክረውታል። የአውግስቡርግ፣ የኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ፣ በኋላም በለንደን አጠገብ የግሪንዊች ባለሙያዎች አረብ ብረትን አግለው፣ አቀዝቅዘው፣ እንደገና በልኩ አሙቀው ያጠነክሩ ነበር። ልክ አንተ ባሌስትራውን እንደምታደርገው። ልዩነቱ የአንተ ባሌስትራ ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመጣልህ። የእነሱ ብረት በከሰል ምድጃ የወጣ ነው፤ ውስጡ ዝቃጭ አለበት። በዝቃጩ መስመር ላይ ጥይት ሲመታው ይሰነጠቃል። የካርቦኑም መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጠርዝ ጠንክሮ ሌላው ሳይጠነክር ይቀራል።

ማጠንከሩ የሚያመጣውን ልዩነት ግን በ1590 የሆነ ነገር ያሳየናል። የንግሥት ኤልሳቤጥ የጦር ዕቃ ቤት ኃላፊ ሄንሪ ሊ፣ በእንግሊዝ ሽሮፕሺር ብረት የተሠራና ከኢንስብሩክ የመጣ ደረት ጎን ለጎን አስፈተነ። በአንድ ዓይነት ሽጉጥ፣ በእኩል ባሩድ። የኢንስብሩኩ ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም። የእንግሊዙን ጥይቱ በስቶት አለፈ። ለአንድ እንግሊዛዊ ሹም ደስ የማይል ውጤት ነው፤ ግን ደብቆ አላስቀረውም።

ታዲያ ለምን ሁሉም እንደዚያ አልሠራም? ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የፒያሳ ወርቅ አንጥረኞች የሚረዱት ነው። መኳንንቱ ጥሩራቸው በወርቅ እንዲለበጥ ይፈልጉ ነበር። የዚያን ዘመን ልብጥ በሜርኩሪና በእሳት ነው የሚሠራው። ያጠነከርከውን ብረት መልሰህ እሳት ላይ ስታደርገው ጥንካሬው ይወርዳል። የጣሊያኗ ሚላን ባለሙያዎች በ16ኛው መቶ ዘመን ማጠንከሩን እየተዉ የመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይላሉ አጥኚዎች። የጀርመኖቹና የግሪንዊቹ ባለሙያዎች ሁለቱን የሚያስታርቁበት መላ አገኙ።

ሁለተኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። የብረቱን ውፍረት እጥፍ ስታደርገው የሚችለው የጥይት ጉልበት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ለሺዎች ወታደሮች ጥሩር የሚያዝ መንግሥት ርካሽና ለስላሳ ብረት አወፍሮ ማሠራት ያዋጣዋል። ማጠንከር ጊዜ ይወስዳል፣ ሥራው ሲበላሽም ብዙ ነው። የ17ኛው መቶ ዘመን ደረቶች በአብዛኛው ወፍራምና ለስላሳ የሆኑት ለዚህ ነው። እርሳስ ለስላሳ ነገር ነው፤ ወፍራም ለስላሳ ብረት ሲገጥመው ሁለቱም ይጎብጣሉ፣ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል። ሁለት ገበር አድርገው ውጩን ጠንካራ፣ ውስጡን ለስላሳ የሠሩም ነበሩ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው። አንተም ብትሠራ ይህንን ትመርጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ 3 ሚሊ ላሜራ በከሰል አግዬ የደረት ቅርጽ ላወጣለት ታግያለሁ። መዶሻው ሲያርፍ ብረቱ እንዴት እንደሚመልስ አንተ ታውቀዋለህ። 6 ሚሊውን በእጅ የቀጠቀጡትን ሳስብ፣ በአንድ መስፍ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው እየተቀባበሉ ካልሆነ የሚሆን አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ፒያሳ አካባቢ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ጃኬቴ ውስጥ 5 ሚሊ ብረት ቆርጬ ባስገባ የክላሽ ጥይት ይመልስልኛል? ብየዳ የሚችል ጓደኛ አለኝ።

መልስ፦ አይመልስልህም። እባክህ ወንድሜ፣ አታድርገው።

ከላይ ያወራነው ክብ የእርሳስ አረር ነው። አየር ቶሎ ያደክመዋል፣ ብረት ሲነካ ይጠፈጠፋል። የክላሽ ጥይት ሹል ነው፣ ውስጡ ብረት አለው፣ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ያልፋል። ከቅርብ ርቀት ባለ 5 ሚሊ ተራ ብረትን ይበሳዋል። ሲበሳው ደግሞ የብረቱን ስብርባሪ ይዞ ነው የሚገባው። ባይበሳው እንኳ የጥይቱ ቅንጣት ብረቱ ላይ ተበትኖ አንገትና ክንድ ላይ ይሄዳል። ያለ ብረት ከመመታት የባሰ ሊሆን ይችላል።

ይህን አስቀድሞ የሞከረ ሰው አለ። ኔድ ኬሊ የሚባል የአውስትራሊያ ሽፍታ ነው። በ1880 እሱና ሦስት ጓደኞቹ ከማረሻ ብረት የራስ ቁርና ደረት አሠሩ። ውፍረቱ 6 ሚሊ ገደማ ነው። የኬሊ ብቻ 44 ኪሎ ይመዝናል። ግሌንሮዋን በተባለች መንደር ፖሊሶች ከበቧቸው። ደረቱ ላይ የመቱት ጥይቶች አልገቡም። ጥይቱ ግን ብረት የሌለበትን ቦታ አላጣም። ኬሊ እግሩንና ክንዱን ተመትቶ ወደቀ፣ ተያዘ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ውስጥ ተሰቀለ። ጓደኞቹ ሦስቱም እዚያው ሞቱ። 44 ኪሎ ብረት የሰውየውን እግርና ክንድ አላዳነም።

ሥራህ አደገኛ ከሆነ ቀጣሪህን የተፈተነ መከላከያ ጠይቅ። ሲሰጥህም ለየትኛው ጥይት እንደተፈተነ ጠይቅ። የሽጉጥ ጥይት የሚይዝ ሰደርያ የክላሽን አይዝም። ከ400 ዓመት በፊት ገዢው «ይህ ደረት በሽጉጥ ነው የተፈተነው ወይስ በማስኬት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አንተም ያንኑ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አራት ኪሎ አካባቢ ታሪክ አስተምራለሁ። ልጆቹ «በእኛ አገርስ ጥሩር ነበር? ከጠመንጃ ጋርስ ተገናኝቶ ያውቃል?» ይሉኛል። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ከጎልያድ ጥሩር ውጪ የምነግራቸው አጣሁ።

መልስ፦ መምህርት፣ በጎልያድ መጀመርሽ መልካም ነው። የጥሩሩ ሚዛን 5,000 ሰቅል ናስ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ ወደ 55 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዳዊትም ሳኦል ያለበሰውን ጥሩር አልለመድኩትም ብሎ አወለቀው። ከላይ ያልነው የክብደትና የፍጥነት ነገር ሁሉ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አለ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን ጥሩር ነበር። ግን ወጥ የብረት ገበር ሳይሆን ከትናንሽ ቀለበቶች የተያያዘ የሰንሰለት ጥሩር ነው። በኢማም አህመድና በአፄ ልብነ ድንግል ጦርነት ጊዜ የሁለቱም ወገን ታላላቅ ፈረሰኞች ይለብሱት ነበር። የሰንሰለት ጥሩር ለሰይፍ ጥሩ ነው። ለጥይት ግን ደካማ ነው፤ ቀለበቱ ተበጥሶ ከአረሩ ጋር ቁስሉ ውስጥ ይገባል።

ጠመንጃው ደግሞ በዚያው ጦርነት በብዛት መጣ። በ1541 በክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ገቡ። ክርስቶፎሮስ የታዋቂው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። ኢማሙም ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጠኞች አስመጡ። በ1542 ወፍላ ላይ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ፣ ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ። ክርስቶፎሮስ ክንዱ በጥይት ተሰብሮ ተማረከና ተገደለ። በየካቲት 1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ፣ ከአፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ሲዋጉ፣ ኢማሙ በጥይት ተመትተው ወደቁ። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የሁለቱም ወገን መሪ በጥይት ተመታ። ለልጆቹ ይህን ንገሪያቸው።

ወፍራሙ የብረት ደረት ለምን እዚህ አልተሠራም ካሉሽ፣ እኔ የማምነውን ልጻፍልሽ። አንድ ደረት ለማውጣት ብዙ ኪሎ የሚመዝን አንድ ወጥ የብረት ሙዳ ያስፈልጋል። የእኛ ቀጥቃጭ በወናፍና በትንሽ ምድጃ የሚያወጣው ብረት ለማረሻ፣ ለጦርና ለጎራዴ የሚበቃ ነው። አውሮፓ ውስጥ በውሃ ጉልበት የሚሠራ ትልቅ ወናፍና መዶሻ ነበር። ሁለተኛ፣ አገሩ ዳገትና ገደል ነው። 40 ኪሎ ለብሶ ጣርማ በር የሚወጣ ፈረሰኛ የለም። ሦስተኛው የሚያንገበግበኝ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ለዘመናት ቡዳ ብለን ስንሸሸው ኖረናል። በአውግስቡርግ ጥሩር ሠሪ ስሙንና ምልክቱን ሥራው ላይ እያተመ፣ ከነገሥታት ጋር በደብዳቤ እየተነጋገረ ሲከብር፣ የእኛው ባለሙያ መንደሩ ዳር ተገፍቶ ነበር። እጁ ግን ከማንም አያንስም።

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ለመለወጥ በጋፋት፣ መድፍ ባሠሩበት መንደር፣ ጀምረው ነበር። ልጆቹን በቸርችል ጎዳና ስታሳልፊያቸው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስል አሳዪያቸው። ዋናው መድፍ 7 ቶን ገደማ ነው፣ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1860ዎቹ፣ የጥሩሩ ፉክክር አልቆ ነበርና ንጉሡ ጥሩር አላሠሩም። መድፍ አሠሩ። የሚያስፈልገውን ለይተው አውቀዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ላይ ቴአትር የምንለማመድ ወጣቶች ነን። የፖርቱጋል ወታደር ገጸ ባሕርይ አለን። ጥይት የተፈተነበት ደረት ልንሠራለት እንፈልጋለን። ምን ላሜራ እንግዛ?

መልስ፦ ልጆቼ፣ 0.8 ሚሊ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተዋናዩ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ይደክማል። መጀመሪያ በካርቶን ልኩን አውጡ፣ ተዋናዩ ቁጭ ብሎ ብድግ ይበል፣ ሆዱን የሚወጋው ከሆነ ከታች አሳጥሩ። ከዚያ ነው ብረቱ የሚቆረጠው። እስከ ግማሹ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ አድርጋችሁ ከውስጥ በኩል በእንጨት መዶሻ ምቱት፣ መሐሉ እየወጣ ይመጣል። ዳር ዳሩን በሽቦ ላይ ጠቅልሉት። ይህን የምለው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ያልተጠቀለለ ላሜራ አንገትና ብብት ይቆርጣል።

ማሰሪያው ቆዳ ይሁን። የትከሻው ብቻ ከሆነ ትከሻ ይሰብራል፤ ወገቡ ላይም ቀበቶ አድርጉለት፣ ክብደቱ ዳሌ ላይ ይረፍ። ከሥር ወፈር ያለ የጥጥ ሰደርያ ይልበስ።

የጥይቱን ምልክት በመጨረሻ አውጡት። ደረቱን ጆንያው ላይ አስተኝታችሁ፣ ከውጭ በኩል ባለ ክብ ራስ መዶሻ አንድ ጊዜ በደንብ ምቱት። አንድ ይበቃል፤ በደረቱ አንድ ጎን ላይ ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም አትሙሉ። መብራቱ ከጎን ሲመጣ ከኋላ ወንበር ላለ ተመልካችም ይታያል።